ከሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ የቀዘፋ ክለብ ለምን አይኖርም?

ሞጆ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ናት። ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የሚመጣው ኮንቴይነር እዚህ ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ እንደገና ተጭኖ ወደየአገሩ ይሄዳል። ከዚህች ከተማ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ የቢሾፍቱ ሐይቆች ይገኛሉ። በደቡብ በኩል በፍጥነት መንገዱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቢኬድ ባቱ ከተማና የዝዋይ ሐይቅ አሉ። የቆቃ ሐይቅ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ የከበበው የሞጆ፣ የአዳማና የቢሾፍቱ ነዋሪ ግን ከሐይቁ ጋር ያለው ግንኙነት ባብዛኛው ዓሣ ከመብላትና ዳር ላይ ተቀምጦ ቡና ከመጠጣት አያልፍም። ጀልባ ላይ የሚወጣው ዓሣ አስጋሪው ነው፤ ሌላው ቢወጣ ለግማሽ ሰዓት ሽርሽር ከፍሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የእነዚህ ከተሞች ሰዎች የራሳቸው የሆነ የማኅበረሰብ የቀዘፋ ክለብ ሊያቋቁሙ ይገባል፣ በየዓመቱም በመጸው ወቅት ሊወዳደሩ ይችላሉ የሚል ነው። ምክንያቱ ሜዳሊያ አይደለም። ሐይቁን በየሳምንቱ የሚያውቀው፣ ሲታመም ቀድሞ የሚያይለት የከተማ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

በስፖርታዊው ቀዘፋ ቀዛፊው ለሚሄድበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። እግሩ ከጀልባው ጋር ይታሰራል፣ መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ዋናው ጉልበት ከክንድ ሳይሆን ከእግርና ከወገብ ይመነጫል። በትልቁ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎች ሲኖሩ ፊቱን ወደፊት አድርጎ የሚመራቸው ዘጠነኛ ሰው አለ። በጣና የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ግን ወደፊት እያየ፣ መቅዘፊያውን በእጁ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው። ሙያው ይለያያል፤ ነፋስን ማንበብ፣ ሚዛን መጠበቅና ውኃን ማክበር ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የማኅበረሰብ ክለብ የሚባለው ደግሞ አባሉ የራሱ ጀልባ እንዲኖረው የማይጠይቅ፣ ጀማሪን ከዜሮ የሚያሠለጥን፣ በወርሃዊ መዋጮ የሚተዳደር ክለብ ነው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የቻርልስ ወንዝ ቀዘፋ ለረጅም ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎችና በግል ክለቦች እጅ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ወንዙን ለማንኛውም ነዋሪ ለመክፈት የተቋቋመ የማኅበረሰብ ክለብ ዛሬም ይሠራል።

የዚያው ወንዝ የጥቅምት ውድድር ለእኛ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከ11,000 በላይ ቀዛፊዎች ይሳተፉበታል። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው አይነሱም። አንዱ ሄዶ 15 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ሌላው ይከተላል፣ 4.8 ኪሎ ሜትሩን በአጭር ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። በዚህ ምክንያት የ16 ዓመት ተማሪና የ70 ዓመት ጡረተኛ፣ አካል ጉዳተኛም ጭምር ሁሉም በየምድቡ በአንድ ውኃ ላይ ይወዳደራል። በኦሎምፒክ የሚታየው ዓይነት ውድድር ቀጥ ያለና በመስመር የተከፈለ የ2,000 ሜትር ውኃ ይፈልጋል። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ግን ከዳር እስከ ዳር ቢለካ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። በመስመር ለመወዳደር አይበቃም፤ ዳር ዳሩን ለመዞር ግን አንዱ ዙር ብቻ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ዙሪያውን ያለው ገደልም ከነፋስ ይከልላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ተንሳፋፊ ምልክት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያና የነፍስ አድን ጀልባ ነው። ወቅቱም ይስማማል፤ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ያሉት የኅዳር ማለዳዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። የመስከረሙ ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ የሚከበር በመሆኑ ውድድሩ በሌላ ወርና በሌላ ሐይቅ ቢሆን ለበዓሉ የሚገባው ክብር አይነካም።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ «ይህ የሀብታም ስፖርት ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ከካርቦን የሚሠራ የውድድር ጀልባ ውድ ነው፣ የውጭ ምንዛሪም ይጠይቃል። ነገር ግን ክለብ በዚያ ጀልባ መጀመር የለበትም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንስትራዘር የሚገኘው የዓሣ ማስገር ሙዚየም ያስጀመረው እንቅስቃሴ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ኢየን ኦትሬድ የተባለው ንድፍ አውጪ አራት ሰው የሚቀዝፋት፣ አንድ ሰው የሚመራት፣ 6.7 ሜትር ርዝመት ያላት የኮምፔንሳቶ ጀልባ ነደፈ። የየመንደሩ ነዋሪዎች ተሰብስበው ተቆርጦ የቀረበላቸውን እንጨት እያጣበቁ ጀልባቸውን ራሳቸው ሠሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በደርዘን የሚቆጠሩ ክለቦች ተፈጠሩ። እንጨት ሥራና ብረታ ብረት የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች ባሉበት በአዳማና በሞጆ ይህ የማይቻልበት ምክንያት አይታይም። ማስቀመጫ ቤትን በተመለከተ ሞጆ ከማንም ትሻላለች። 40 ጫማ የሚባለው ኮንቴይነር 12 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ እንዲህ ያለችውን ጀልባ ከነመቅዘፊያዋ በቀላሉ ያስገባል። ስምንት ሰው የሚይዘው ጀልባ 17 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም አይገባበትም፤ እሱም ቢሆን ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ውኃው ራሱ አደገኛ ነው ይባላል። እዚህ ላይ መሸፋፈን አይገባም። ቆቃ ከሞጆ በጣም ቅርብ ቢሆንም ክለብ የሚጀመርበት ቦታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ የፈጠረው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ጉማሬና አዞ አለበት። የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት አካባቢ የሚያልፈው የሞጆ ወንዝም ወደዚያው ይገባል። እምቦጭ በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበውም በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ነው። ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ሐይቅ ሲሆን ጉማሬም ቢልሃርዚያም አለበት። ባቦጋያ ከእነዚህ ይሻላል፤ ግን ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠበቀ መሆን አለበት፤ መዋኘት ያልቻለ ሰው አይቀዝፍም፣ የነፍስ አድን ጃኬት ሳይለብስ ማንም አይወጣም፣ ሞተር ያለው ጀልባ ሳይከተል ልምምድ የለም። አደጋው ክለቡን የሚያስቀር አይመስለኝም። ወጣቶች ዛሬም ያለ ጃኬትና ያለ ዋና ትምህርት ወደ ሐይቅ ይገባሉ፤ ዋናን በግዴታ የሚያስተምር ተቋም በአቅራቢያቸው መኖሩ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

ከዚህ የሚከተለው ዋናው ቁም ነገር ነው። የቆቃ ውኃ የተበላሸው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ውኃው ሲለወጥ በየቀኑ ያዩት ዓሣ አስጋሪዎችና ከዳር የሚቀዱ ገበሬዎች ነበሩ። የእነሱ ድምፅ ወደ ከተማው አዳራሽ ለመድረስ ጊዜ ፈጀ። ሐይቅ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ትራንዚተር፣ መምህር፣ ሾፌርና የባንክ ሠራተኛ የውኃውን ቀለም፣ ሽታና ከፍታ ይለምዳል፤ ሲለወጥም የሚጠይቀውን ቢሮ ያውቃል። የባቱ ሰዎች ከሐይቁ ለመስኖ የሚሳበውን ውኃ፣ የቢሾፍቱ ሰዎች በሐይቆቹ ዙሪያ የሚበዛውን ግንባታ ሲከራከሩ ከስታትስቲክስ በፊት ዓይናቸው ይመሰክራል።

«ኢትዮጵያዊ በሩጫ እንጂ በቀዘፋ አይታወቅም» የሚለው ሦስተኛ ተቃውሞ በከፊል ትክክል ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ቀዘፋ ተወዳድራ አታውቅም፤ ስፖርቱም ረጅምና ከባድ ሰውነትን ያደላል። ቀላል ክብደት ላላቸው ቀዛፊዎች የነበረው ምድብም ከፓሪሱ 2024 በኋላ ከኦሎምፒክ ወጥቷል። በአፍሪካ ግን በር የከፈቱ አሉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን በቀላል ክብደት ባለአራት ቀዛፊ ጀልባ ወርቅ ስታገኝ ሲዝዌ ንድሎቩ ከአራቱ አንዱ ነበር፤ ካትሊን ኖብል ደግሞ በቶኪዮው ኦሎምፒክ ዩጋንዳን በቀዘፋ ወክላለች። «አይታወቅም» የሚለው ቃል ራሱም ሙሉ አይደለም። በዝዋይ ደሴቶች፣ በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ፣ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ትውልድ ሲተካካ በጀልባ ወደ ዳር ገበያ ሲመላለሱ ኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች የነፋሱን ሰዓትና የጉማሬውን መንገድ ከሚያውቁ ከእነሱ መካከል ቢመረጡ፣ ለሙያቸውም ተገቢው ደመወዝ ቢከፈላቸው ክለቡ ከአገሩ ዕውቀት ላይ ይነሳል።

ማን ይጀምረው? ሞጆ ደረቅ ወደብን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ በቢሾፍቱ የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለው። በአንድ ጫፍ ኮንቴይነርና በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ፣ በሌላው ጫፍ በሐይቁ ስም የሚጠራ ማሠልጠኛ በአንድ ድርጅት ሥር ናቸው። ድርጅቱ ሁለት አሮጌ ኮንቴይነሮችን ለጀልባ ቤት ቢሰጥ፣ የቢሾፍቱ ከተማ አስተዳደር ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ የሐይቅ ዳርቻ ቢለይ፣ የአዳማና የሞጆ ማሠልጠኛዎች ሁለት ሁለት ጀልባ ቢሠሩ ለመጀመሪያው የኅዳር ውድድር የሚበቃ ቡድን አለ። ዳርቻው ለሪዞርትና ለግል ግቢ ተሸንሽኖ ሳያልቅ ከተማው ያችን አንዲት መግቢያ አሁን ይለይ።