ፍሪሲዮን አልለቅ ሲል፦ ተረቱና እውነታው

ወረታ የሁለት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ ከባሕር ዳር መጥቶ በአዲስ ዘመን በኩል፣ ጣራ ገዳምን አጠገቡ ትቶ ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ይወጣና እስከ ወልድያ ይሄዳል። የፎገራ ሩዝ ከማሳ ወጥቶ ወደ መፈልፈያና ወደ ገበያ ሲጓዝ የሚጫነው ብዙ ዓመት በሠሩ መኪኖች ነው፤ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር፣ አልፎ አልፎም ፊያት ኤንትሬ። ከእነዚህ አንዱ መንገድ ላይ ማርሽ አልገባ ሲለው ዙሪያውን ከከበበው ሰው የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ!» ፍርዱ ስህተት ሲሆን ባለመኪናው ያለጥፋቱ ብር ይከፍላል፤ ረዳቱም ያለምክንያት ከባድ ብረት ሥር ይተኛል። ለዚህ ነው ጉዳዩን ረጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

«ማርሽ ካልገባ ዲስኩ አልቋል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው እምነት ይህ ነው። ሁለት ተቃራኒ በሽታዎችን በአንድ ስም ስለሚጠራም ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

የፍሪሲዮን ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና በፕሬሸር ፕሌቱ መካከል በጠንካራ ስፕሪንግ ተጨምቆ ይኖራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ ፈሳሹን ወደ ታችኛው ፖምፓ ይገፋል፤ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን ወደፊት ይነዳና ስፕሪንጉን ይጫነዋል። ያኔ ፕሬሸር ፕሌቱ ወደኋላ ይላል፣ ዲስኩ ነፃ ይሆናል፣ ሞተሩ እየዞረ የካምቢዮው ዘንግ ይቆማል።

ዲስክ ሲያልቅ የሚላላው ጭመቃው ነው። አቀበት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ማርሹ ግን ያለ ችግር ይገባል። አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጭመቃው አለ፣ ኃይል ያስተላልፋል፣ ችግሩ ፔዳሉ ተረግጦም አለመፍታቱ ነው። ማርሹ እየተፋጨ ይጮኻል፤ በግድ ከገባም መኪናው ፔዳሉ እንደተረገጠ ወደፊት ይሳባል። ከወረታ ተነስቶ የዓለም በርን አቀበት ያለ ችግር የወጣ፣ ከዚያ ቆሞ አንደኛ ማርሽ አልገባ ያለው መኪና «ዲስኩ አልቋል» ሲባል የምርመራው አቅጣጫ ገና ከመነሻው ስቷል።

ጥፋቱ የካምቢዮው ነው ወይስ የፍሪሲዮኑ የሚለውን ለመለየት መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን ሁሉ አስገቡ። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገቡ፣ ሞተር ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ፣ ጥፋቱ ከፍሪሲዮን በኩል ነው። ሞተር ጠፍቶም ከተቸገሩ የማርሽ ዘንጉንና ካምቢዮውን ጠርጥሩ። ሁለተኛው ፈተና የኋላ ማርሽ ነው። በብዙ አሮጌ መኪና የኋላ ማርሽ ፍጥነት የሚያመሳስልለት አካል ስለሌለው ምንም አይደብቅም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ርገጡ። አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁና የኋላውን አስገቡ። ፍሪሲዮኑ ፈትቶ ቢሆን ኖሮ የካምቢዮው ዘንግ በዚያ ጊዜ ቆሞ ነበር። ከጮኸ፣ አሁንም እየዞረ ነው ማለት ነው።

«ሁለት ሦስቴ ሲረግጡት ይስተካከላል፣ ችግር የለውም»

ፔዳሉ ተደጋግሞ ሲረገጥ የሚገባ ማርሽ ችግር የለውም ማለት፣ ችግሩ የት እንዳለ እየተናገረ ጆሮ መንፈግ ነው። ፈሳሽ በግፊት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። መሥመሩ ውስጥ አየር ካለ የመጀመሪያው እርግጫ አየሩን በማመቅ ያልቃል፤ ሲደጋገም ግፊቱ ይጠራቀምና ሹካውን ለጊዜው ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ደጋግሞ ሲረግጡት የሚሠራ ፍሪሲዮን ዲስኩም ፕሬሸር ፕሌቱም መፍታት እንደሚችሉ አረጋገጠ። ካምቢዮ ለማውረድ ምክንያት የለም፤ አየሩን ማውጣትና አየሩ የገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው።

ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የታችኛውን ፖምፓ አቧራ መከላከያ ጎማ በጣታችሁ ገለል አድርጉት። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ጣታችሁ ረጥቦ ከወጣ፣ ጭቃው ላይም የጠቆረ የእርጥበት መሥመር ከታየ፣ ፈሳሹን ውስጥ የሚያግደው ጎማ (ጎሚኒው) አልፎበታል። ከዚያ ጋቢና ውስጥ ከፔዳሉ በላይ፣ የላይኛው ፖምፓ ዘንግ ከግድግዳው የሚወጣበትን ዳስሱ። እዚያም እርጥበት ካለ ፈሳሹ ከግድግዳው ወደ እግር መርገጫው ምንጣፍ ሲወርድ ቆይቷል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ በማስመሪያ ይለካ። ሞተሩ የጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘና ጎማው ታኮ የተደረገበት ይሁን። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያልና ከመኪናው መመሪያ ጋር አስተያዩት፤ መመሪያው ከሌለ ከደኅና መኪና ጋር። ዘንጉ በቂ መንገድ ካልሄደ ጥፋቱ ከፔዳሉ እስከ ታችኛው ፖምፓ ድረስ ባለው መሥመር ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህን ሳይለካ ካምቢዮ የሚያወርድ ጋራዥ የደንበኛውን ገንዘብ አላከበረም።

«ፈሳሹ አልጎደለም፣ ስለዚህ ፖምፓው ደኅና ነው»

የላይኛው ፖምፓ ጠብታ ሳያፈስ ሊሞት ይችላል። የውስጡ ጎሚኒ ሲበላ ፈሳሹ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በጎሚኒው አጠገብ ሾልኮ ወደ ራሱ ይመለሳል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ፔዳሉን በፍጥነት ሲረግጡት ማርሽ ይገባል፤ መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ ግን ጥቂት በጥቂት መሳብ ይጀምራል። ገበያ መሀል ሰው ፊት ለፊት እያለፈ ይህ የሚደርስበት መኪና ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

«ዘይት ዘይት ነው፣ የተገኘው ይጨመር»

የፍሪሲዮን ፖምፓ ውስጥ ከፍሬን ዘይት በቀር ሌላ ነገር አይገባም። የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት ከማዕድን ዘይት የተሠሩ ስለሆኑ ለፍሬን ፈሳሽ የተዘጋጀውን ጎሚኒ ያሳብጡታል። ያበጠው ጎሚኒ የፈሳሹን መመለሻ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ሳይሆን ሁሉንም ጎሚኒ መቀየርና መሥመሩን ማጠብ የግድ ነው። ውሃና የሳሙና ውሃም ሲጨመር ይታያል፤ እሱ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል። የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን መፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 140 ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ጥግ ላይ የከረመ ጠርሙስ አይታመንም።

«ክረምቱን ቆሞ የተጣበቀ ፍሪሲዮን ካልወረደ አይድንም»

ፎገራ ላይ ይህ የእውነት የሚያጋጥም ነው። ርብና ጉማራ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው አይረሳውም። ጎርፍ ባይደርስበትም እርጥብ መሬት ላይ ሁለትና ሦስት ወር የቆመ መኪና ቮላኖው ይዝጋል፤ ዝገቱም ዲስኩን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ፔዳሉ ጤናማ ነው፣ ዘንጉ ሙሉ መንገዱን ይሄዳል፣ ፕሬሸር ፕሌቱም ይነሳል፤ ዲስኩ ግን ቮላኖውን አይለቅም።

ብዙ ጊዜ ሳያወርዱም ይላቀቃል፤ አደገኛ ሥራ ግን ነው። መጀመሪያ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ከዚያ ይጥፋ። መኪናው ጭነት የሌለው፣ ፊቱ ሰፊ ሜዳ የሆነ፣ ፊትም ኋላም ማንም ያልቆመበት ይሁን። ሹፌሩ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን እንደረገጠ ሞተሪኖውን ይስጠው። መኪናው ወዲያው ይነሳል። እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ነዳጅ እየሰጠና እየለቀቀ፣ ፍሬኑንም በመጠኑ እየነካ ይሂድ፤ ጉተታውና ግፊያው ሲፈራረቁ ዲስኩ ሊላቀቅ ይችላል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ እምቢ ካለ ያኔ ይውረድ። መኪናውን በሌላ መኪና ጀርባ ገጭቶ ለማላቀቅ መሞከር ግን ሰው ያስገድላል፤ ፈጽሞ አይደረግ።

ውሃው ካምቢዮ ድረስ ደርሶ ከሆነ ዘይቱን ሳታዩ አትንዱ፤ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። ለከርሞ ደግሞ መኪናው በቆመበት ወራት በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ፣ ጥቂት ሜትር ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። የትራክተር ሰዎች የሚያደርጉት፣ ፔዳሉን ተረግጦ እንዲቆይ በእንጨት መደገፍም ይሠራል።

«ፔዳሉ ከላላ ማጥበቅ ነው»

ፔዳሉ ላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ መኖሩ የታሰበበት ነው። እሱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ኩሽኔታውን ሁልጊዜ ስፕሪንጉ ላይ አስደግፎ ያቃጥለዋል፤ ዲስኩም ይንሸራተታል። አንድ በሽታ ሲሸሹ ሌላውን መግዛት ነው።

«አዲስ ዲስክ ገብቶለታል፣ ፍሪሲዮን ሊሆን አይችልም»

ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ተገልብጦ ገብቶ፣ ለመኪናው የማይሆን ውፍረት ኖሮት፣ ወይም ካምቢዮው ሲገጠም ክብደቱ ዲስኩ ላይ ተንጠልጥሎ አጣሞት ሊሆን ይችላል። ቮላኖው መሀል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ሳትነካ ከቀረችና ከደረቀች ደግሞ ዲስኩ ነፃ ቢሆንም የካምቢዮውን ዘንግ ከሞተሩ ጋር ይዛ ታዞረዋለች፤ ምልክቱ ከሌላው አይለይም። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ይህችን ሳይቀይሩ መመለስ ድካሙን ከንቱ ያደርጋል።

እንግዲህ ካምቢዮው የሚወርደው አየሩ ወጥቶ፣ ፖምፓዎቹ ተፈትሸው፣ ዘንጉ ሙሉ መንገዱን መሄዱ ተለክቶ፣ ያም ሆኖ የኋላ ማርሽ ሲጮኽ ነው። ሲወርድም መኪናው በክሪክ ብቻ አይያዝ። ከሻሲው ሥር የማይንሸራተት ወፍራም ድጋፍ ይግባ፣ አራቱም ጎማ ታኮ ይደረግበት፣ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ከድጋፉ ሥር ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍ፤ የፎገራ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ክሪኩን ራሱን ይውጠዋል።