ከብስጭትና ከጨው ባሻገር፦ አልዶስቴሮን፣ ደም ግፊትና ልብ

ስለ ደም ግፊት ከሚነገሩት አባባሎች ሁሉ ሥር የሰደደውና ብዙ ጉዳት ያደረሰው፣ «ግፊት የሚመጣው ከብስጭትና ከጨው ነው፤ መድኃኒት እየዋጠ ያልወረደለትም ራሱን ያልጠበቀ ሰው ነው» የሚለው ነው። ይህ እምነት ጥፋቱን በታማሚው ላይ ጥሎ የሕመሙን መንሥኤ ፍለጋ ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሳያጓድል የሚወስድ ሰው ግፊቱ 170 ላይ ሲገኝ፣ ቤተ ዘመዱ «አትናደድ»፣ ጎረቤቱ «ጨው ተው» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የሚያነሣ ሳይኖር ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያም ዓመታት የልቡ ግድግዳ እየወፈረ፣ ኩላሊቱም እየደከመ ይሄዳል።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የአብዛኛው ሰው ደም ግፊት ተለይቶ የሚጠቀስ አንድ መንሥኤ የለውም፤ ጨው ማብዛት ግፊትን እንደሚጨምር ተረጋግጧል፤ ንዴትም ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፤ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ስሕተቱ ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ምክንያት የለም ብሎ መደምደሙ ነው፤ በምርመራ ሊገኝ፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ምክንያት አለና።

ይህ ምክንያት አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ከልክ ማለፉ ነው። ሆርሞኑን የሚያመነጩት ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡት አድሬናል የተባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሲሆኑ፣ ሥራውም ኩላሊት ሶዲየምን፣ ማለትም የጨውን ዋነኛ ንጥረ ነገር፣ ወደ ደም እንዲመልስና ፖታሲየምን ወደ ሽንት እንዲያስወጣ ማዘዝ ነው፤ ሶዲየም በተመለሰበትም ውኃ ይከተላል። በጤነኛ ሰው፣ ሰውነት ደም ወይም ፈሳሽ ሲያጣ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲፈጠር ያደርጋል፤ እርሱም አድሬናልን አልዶስቴሮን እንዲያመነጭ ይቀሰቅሰዋል። ፈሳሹ ሲሟላ ሬኒን ይቀንሳል፣ አልዶስቴሮንም አብሮ ይወርዳል። በሽታው ያለበት ሰው ግን ሬኒኑ ወርዶ እያለ ዕጢው ያለ ትእዛዝ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ይህም የሚሆነው በአንደኛው አድሬናል ላይ እባጭ በመብቀሉ ወይም ሁለቱም ከመጠን በላይ በመሥራታቸው ነው።

በሽታውን ለይተው የገለጹት በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጀሮም ኮን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የመረመሯት የ34 ዓመት ሴት ከደም ግፊቷ በተጨማሪ ጡንቻዋ እየዛለና እየተኮማተረ፣ አልፎ አልፎም ለጊዜው እየሰለለ ሰባት ዓመት ስትሠቃይ ቆይታ ነበር፤ በደሟ ያለው ፖታሲየም እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ በአንደኛው አድሬናሏ ላይ ያገኘውን እባጭ ሲያወጣ የደሟ ንጥረ ነገሮች ወደ ልካቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሽታው ብርቅ ነው ሲባል የኖረው፣ ፖታሲየማቸው የወረደባቸው ሰዎች ብቻ ይመረመሩ ስለነበር ነው። ምርመራው ሲሰፋ፣ ደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ በሦስት መድኃኒት ካልተገታባቸው ደግሞ 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው ታወቀ። ይህን ያህል ሰው «ከብስጭት ነው» ተብሎ መሸኘቱ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ጉዳቱም ከግፊቱ ቁጥር ያለፈ ነው። አልዶስቴሮን በቀጥታ በልብና በደም ሥሮች ላይ እየሠራ ብግነትንና ጠባሳን ያስከትላል። በፈረንሳይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ተመሳሳይ የደም ግፊት ልክ ያላቸውን ሰዎች ሲያነጻጽር፣ አልዶስቴሮን ከበዛባቸው መካከል 12.9 በመቶው፣ ከሌሎቹ ግን 3.4 በመቶው ብቻ በስትሮክ ተመትተው አግኝቷል። የሆርሞኑን ሥራ የሚያግደው ስፓይሮኖላክቶን ለከባድ የልብ ድካም ታማሚዎች በተጨማሪነት ሲሰጥ ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰም እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል።

የቀሩት እምነቶች ብዙ ማብራሪያ አይሹም። «ፖታሲየሙ ልክ ከሆነ አልዶስቴሮን አይጠረጠርም» የሚለው፣ በአንዳንድ ባለሙያዎችም ዘንድ የሚሰማው፣ ስሕተት ነው፤ የአብዛኞቹ ታማሚዎች ፖታሲየም ልኩን የጠበቀ ነውና። በአድሬናል ላይ የሚገኘው እባጭ ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ፖታሲየም የተቀላቀለበት «ጤናማ ጨው» ለብዙዎች ቢጠቅምም፣ ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ፖታሲየምን ከልክ አሳልፎ ልብን ሊያቆም ይችላል። «ግፊትን ከሥሩ የሚነቅል» እያሉ የቅጠል ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ታማሚው መድኃኒቱን እንዲጥል በመገፋፋት ለሚደርሰው ስትሮክ ተጠያቂነት አለባቸው።

እስካሁን ያልተቋጨው፣ ማን ይመርመር የሚለው ጥያቄ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ እንዲመረመር ሐሳብ አቅርቧል፤ የአልዶስቴሮንና የሬኒን ምርመራ በቀላሉ በማይገኝባቸው አገሮች ይህ እንዴት እንደሚፈጸም ግን አከራካሪ ነው። ሆኖም በናይጄሪያ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በሁለቱ ልኬቶች እየተመሩ መድኃኒት መምረጥ ከተለመደው አሠራር የተሻለ ውጤት ማስገኘቱን ስላሳየ፣ ምርመራው ለባለጸጋ አገሮች ብቻ የሚሆን ቅንጦት ነው ማለት አያስኬድም።

ስለዚህ ሦስት መድኃኒት በአግባቡ እየወሰደ ግፊቱ ያልወረደለት፣ ፖታሲየሙ ዝቅ ያለበት ወይም በወጣትነቱ ግፊት የያዘው ሰው ሐኪሙን «አልዶስቴሮኔና ሬኒኔ ይታይልኝ» ብሎ ይጠይቅ፤ ስፓይሮኖላክቶንን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ፖታሲየም ክትትል ከፋርማሲ ገዝቶ አይጀምር።