600 ካሬ በአንድ ግራም ዝገት

አዲስ አበባ ላይ 600 ካሬ ቦታ ያለው ሰው ሀብታም ነው። ያንን ያህል ስፋት ግን አንድ ግራም ዝገትም አለው። የጉድጓድ ውሃ ወጥቶ አየር ሲነካው ከባልዲው ሥር የሚዘቅጠው ቡናማ ነገር አዲስ የተወለደ የብረት ዝገት ነው። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ የሁሉም ገጽ ሲደመር ኬሚስቶች በስሌታቸው ለአንድ ግራም 600 ካሬ ሜትር ይሰጡታል።

ያ ሁሉ ስፋት ባዶ ሜዳ አይደለም። በእያንዳንዱ ካሬ ናኖሜትር ላይ ሁለት ያህል መያዣ ነጥቦች አሉ፤ በውሃው ውስጥ የሚያልፈውን እርሳስ፣ ካድሚየም፣ መዳብ ወይም አርሴኒክ ጨብጠው የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። በአንድ ግራም ዝገት ላይ ያሉት ነጥቦች ቁጥር፣ ከ1 በኋላ 21 ዜሮ ሲደረደር ከሚገኘው ይበልጣል። አርሴኒክ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት የብረት አተሞችን በሁለት የኦክሲጅን ድልድይ ይይዛል። ሁሉም ነጥቦች በዚህ መንገድ ቢሞሉ አንድ ግራም ዝገት 80 ሚሊግራም ያህል አርሴኒክ ይሸከማል። ይህ መጠን በውሃ ውስጥ ቢለቀቅ 8,000 ሊትር ውሃን የዓለም ጤና ድርጅት እስከፈቀደው ጣሪያ፣ በሊትር 10 ማይክሮግራም ድረስ ያደርሰዋል።

ይህ መያዣ ሲላላ ምን እንደሚሆን ባንግላዲሽ አይታለች። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍ ሕዝቡን ከኩሬ ውሃ፣ ከተቅማጥና ከኮሌራ ለማላቀቅ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶችን አስፋፉ። ቤተሰቦችም በራሳቸው ገንዘብ ማስቆፈሩን ቀጠሉ፤ ጉድጓዶቹ በጊዜ ብዛት 10 ሚሊዮን ገደማ ደረሱ። በ1993 አርሴኒክ ተገኘባቸው። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ125 ሚሊዮኑ ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚሆነው ለአደጋ መጋለጡን ገመተ፤ በታሪክ ከታዩት የሕዝብ መመረዞች ትልቁ ነው ሲልም ጻፈ። ከዚያ በኋላ በአገር ደረጃ 5 ሚሊዮን ገደማ ጉድጓዶች ተመረመሩ፤ 1.4 ሚሊዮን ያህሉ አገሪቱ ለአርሴኒክ ካስቀመጠችው ወሰን ስላለፉ ፓምፓቸው ቀይ ቀለም ተቀባ።

ታዲያ የዚያ አገር አፈር በአርሴኒክ የተሞላ ነው? አይደለም። ጋንጅስና ብራህማፑትራ ከሂማሊያ ያወረዱት ደለል በኪሎ የሚይዘው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህም በዓለም ላይ በየትም ከሚገኝ አፈር የተለየ አይደለም።

እስቲ እናስላው። በከርሰ ምድር አሸዋ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃን 6 ኪሎ ያህል አሸዋ ይከበዋል። በኪሎ 5 ሚሊግራም ብንል 30 ሚሊግራም፣ ማለትም 30,000 ማይክሮግራም አርሴኒክ ከውሃው አጠገብ ተቀምጧል ማለት ነው። የባንግላዲሽ ወሰን በሊትር 50 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ አሸዋው ከ600 የአርሴኒክ አተሞች 599ኙን ይዞ አንዱን ብቻ ቢለቅ ውሃው ወሰኑ ላይ ይደርሳል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከሄድን ደግሞ ከ3,000 አንድ ማምለጡ ይበቃል።

የሚያስለቅቁት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከደለሉ ጋር የተቀበረው የዕፅዋት ብስባሽ ምግባቸው ነው። ኦክሲጅን በሌለበት ጥልቀት ግን መተንፈሻ ያስፈልጋቸዋልና ከምግቡ ያገኙትን ኤሌክትሮን ለዝገቱ ያስረክባሉ። አንድ የብረት አተም አንድ ኤሌክትሮን ሲጨመርለት ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ሌላ ዓይነት ብረት ይሆናል። ዝገቱ ሲሟሟ በላዩ የተለጠፈው አርሴኒክም አብሮ ይወርዳል።

ነገሩ ወደ ኋላም ይመለሳል። አሁን የተቀዳ የባንግላዲሽ የጉድጓድ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ግን ብዙውን ጊዜ ይደፈርሳል፣ ሥሩም ይቀላል። ብረቱ ከአየር ኦክሲጅን አግኝቶ ዳግም ዝገት ሲሆን ካመለጠው አርሴኒክ ከፊሉን መልሶ ይይዛል። ከፊሉን ብቻ ስለሆነ ማሳደር ብቻውን አያድንም። በባንግላዲሽ የኩሽቲያ ተወላጅ የሆነው ኬሚስት አቡል ሁሳም ይህንኑ ባሕርይ አጠናክሮ አሸዋ፣ ከሰልና የብረት ድብልቅ የተነባበሩበት የቤት ማጣሪያ ሠራ፤ በ2007 የ1 ሚሊዮን ዶላር የግሬንጀር ሽልማት አስገኘለት።

ሌላው መውጫ ከ150 ሜትር በታች ያለው የቆየ አሸዋ ነው። በ2001 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከዚያ በላይ ካሉት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች 27 በመቶው ወሰኑን ሲያልፉ፣ ከጥልቆቹ ያለፈው 1 በመቶ ያህል ነበር። ጉድጓድ ቆፋሪዎችም በቧንቧው የሚወጣውን አሸዋ ቀለም ማንበብ ለምደዋል። አሸዋው ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ዝገቱ ተበልቷል፤ ቀላ ካለ ግን ገና አለ፣ አርሴኒኩንም እንደያዘ ነው። ቆፋሪው የቧንቧውን ጫፍ ቀላ ባለው አሸዋ ላይ ያቆማል፤ ውሃው የሚጠጣው ግን ተመርምሮ ነው።