የእህል ብናኝና አስም፦ አንዱን ሠራተኛ አሞ ሌላውን ለምን ይተወዋል?

በመጋዘን ውስጥ በቆሎ ወይም ባቄላ ሲራገፍ የሚነሣውን ብናኝ ሠራተኛው ሁሉ ይስበዋል። ይሁን እንጂ አንዱ አስነጥሶ ሲተወው ሌላው ማታ ደረቱ እያፏጨ እንቅልፍ ያጣል። ብዙውን ጊዜ «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ የሠራተኛውን ጤና ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም የሚነካ በመሆኑ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምክንያቱን ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

የመጋዘን ብናኝ አፈር ብቻ አይደለም። የእህል ቅርፊት ፍርፋሪ፣ ሻጋታ፣ የነቀዝ ገላ ስብርባሪ፣ እንዲሁም በዓይን ለማየት የሚያስቸግረው የእህል ቅንቅን ከነኩሱ ይገኙበታል። አለርጂ የሚቀሰቅሱት በእነዚህ ውስጥ ያሉ ጥቂት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ሁሉ ይህን አያደርግም። በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ቅንጣት መጓዝ፣ እርጥብ በሆነው የአፍንጫና የሳንባ ቧንቧ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ቶሎ መሟሟት፣ በቀላሉም አለመፈራረስ አለበት። የአንዳንድ ቅንቅን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ደግሞ የሽፋኑን ሴሎች ማያያዣ እየቆረጠ ለራሱ መንገድ ይከፍታል።

ቀሪው የሰውነት ሥራ ነው። ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ባለቤቱ ቴሩኮ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ፣ ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፀረ አካል ለይተው አስታወቁ። ይህ ፀረ አካል ሰውነት ጥገኛ ትላትልን ሲከላከል የሚጠቀምበት ነው፤ አንዳንድ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖችም ከትላትሉ ፕሮቲኖች ጋር ይዛመዳሉ። በዘር ዝንባሌ ያለው ሰው ብናኙን ሲደጋግም ፀረ አካሉ ማስት በሚባሉት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ፕሮቲኑ እንደገና ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ቅመሞችን ይለቃሉ፤ የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባል። ለዚህ ነው ለዓመታት ደኅና የሠራ ሰው በድንገት የሚታመመው።

የባርሴሎና ከተማ ታሪክ ለመጋዘን ባለቤት ሁሉ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1987 ድረስ 26 ጊዜ ያህል የከተማይቱ ሰዎች በአንድ ቀን በብዛት በአስም ታፍነው ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ሐኪሞች ቀኖቹን ከወደቡ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ፣ አኩሪ አተር ከመርከብ የተራገፈባቸው ቀኖች ሆነው ተገኙ። ከጎተራዎቹ አንዱ የብናኝ ማጣሪያ አልነበረውም፤ ነፋሱም ደካማ ስለነበር ብናኙ ከተማው ላይ ቆየ። ጥፋተኛው በአኩሪ አተሩ ቅርፊት ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮቲን ነበር። ማጣሪያ ሲገጠም ወረርሽኙ ቆመ። ታማሚዎቹ እህሉን በእጃቸው ያልነኩ የከተማ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቡና ለሚያከማቹ ማኅበራት አንድ ነገር እንጨምር። የጉሎ ፍሬ ፕሮቲን እጅግ ኃይለኛ አለርጂ አምጪ ነው። ጉሎ የተጓጓዘበት ጆንያ ለጥሬ ቡና ሲውል፣ ቡናውን የሚያራግፉ ሠራተኞች በጉሎው ብናኝ መታመማቸው በሌሎች አገሮች ተረጋግጧል። ስለዚህ የጉሎ ጆንያ ለጉሎ ብቻ ይሁን።

ቅንቅንና ሻጋታ እርጥበት ስለሚወዱ እህል በደንብ ሳይደርቅ አይግባ። ጆንያ ቤት ውስጥ አይራገፍ፤ ውጭ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ ይራገፍ። ወለል ሲጠረግ በርና መስኮት ይከፈት፤ ብናኝ ለመግታት ተብሎ ውኃ መርጨት ግን ቅንቅኑን መጋበዝ ነው። አፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ መከላከያ ጭምብል ያስፈልጋል።

የሚያስለውን ሠራተኛ «በዕረፍት ቀን ይሻልሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎን ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ሥራውን በሚዛን ወይም በመዝገብ በኩል ማድረግም ይቻላል። ደመወዙ ይቀነሳል ብሎ የሚፈራ ሠራተኛ ሕመሙን ስለሚደብቅ፣ ማኅበሩ ይህን አስቀድሞ በስብሰባ ቢወስን ይሻላል።