የመንገዱ ባለቤት ማነው?

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከሐዋሳ የመጣ መኪና ዲላን አልፎ ወደ ወናጎ ይሄዳል። ከዚያም ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ቡሌ ሆራ፣ እስከ ኬንያ ድንበር ድረስ ይዘልቃል።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚደርሰው በአውራ ጎዳና አይደለም። የከተማው ነዋሪ በመንደር መንገድ ይገባል። ገበሬው ቡናውን የሚያወጣው በገጠር መንገድ ነው። ታዲያ መንገድ ሲበላሽ "መንግሥት ይሥራው" እንላለን። ልክ ነው። ግን የትኛው መሥሪያ ቤት? ማመልከቻው ለማን ይጻፍ? ይህን ያላወቀ ሰው ከበር ወደ በር ሲንከራተት ክረምቱ ይገባበታል።

የመንገድ ጠላት ውሃ ነው

ጌዴኦ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት አገር ነው። በበልግም በክረምትም ይዘንባል። ከዳገት የሚወርድ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃው ቦይ ነው። ቦዩ በአፈርና በፌስታል ከተደፈነ ግን ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል።

መንገዱ ጠጠር ከሆነ ጎርፍ ገረጋንቲውን ጠርጎ ይወስዳል። አስፋልት ከሆነም አይድንም። ውሃው በስንጥቁ ይገባና ከሥር ያለውን አፈር ያለሰልሳል። ከላይ የመኪና ጎማ ሲጫነው ይሰምጣል። እንግዲህ ጉድጓድ የሚባለው እንዲህ ይጀምራል። ዘንድሮ በአካፋ የሚደፈን ጉድጓድ ለከርሞ ግሬደር ያስጠራል።

ጉዳቱ የመኪና ብቻ አይደለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱ ይቀንሳል። ጥራቱ ሲቀንስ ዋጋውም ይወርዳል። ምጥ የያዛት እናትም አለች። አምቡላንስ ካልገባ በቃሬዛ ትወጣለች። በቃሬዛ የሚባክነው ሰዓት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መንገዱ ሦስት ባለቤት አለው

አንደኛ፣ አገር ከአገር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ነው። የዚህ ኃላፊ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይባል ነበር።

ሁለተኛ፣ የከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ይህን የሚመለከተው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ሦስተኛ፣ የገጠር መንገድ ነው። ይህ የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ ድርሻ ነው። ጌዴኦ ዞን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ሐሳቡ "በመንገድ የሚጠቀም ለመንገድ ጥገና ይክፈል" የሚል ነው። ስለዚህ ለጥገና የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ዋጋ ላይ እንዲሰበሰብ ተደነገገ። ነዳጅ የቀዳው ባለመኪናው ቢሆንም ወጪው በታሪፍ ላይ ይጨመራል። የባጃጅ ሒሳብ የምትከፍለው እናትም ለመንገዱ አዋጥታለች ማለት ነው። ያዋጣ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይችላል።

መኪና የት ይቁም?

መንገድን የሚያበላሸው ዝናብ ብቻ አይደለም። የጭነት መኪና በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲቆም ጠርዙ ይሰበራል። ባጃጅ በቦይ ክዳን ላይ ሲቆም ክዳኑ ይሰነጠቃል። ጋሪም፣ ሚኒባስም፣ ባለሱቅም ቦታ ይፈልጋል። እግረኛው ቦታ ሲያጣ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ንግግር እናስብ። አንዲት እናት ባለሱቅ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ይናገራሉ።

"ልጄ፣ ባጃጅህን ከቦዩ ላይ አንሳልኝ እንጂ! ውሃው እኮ ወደ ሱቄ ነው የሚገባው።"

"እሺ እማማ። ግን የት ላቁማት? ተራ አስከባሪው እዚህ ቁም አለኝ።"

"የተጻፈ ነገር አለ ወይ?"

"ኧረ እኔ ያየሁት ወረቀት የለም።"

ሁለቱም እውነት አላቸው። የጎደለው ግልጽ ውሳኔ ነው። ምክር ቤት ስለ ማቆሚያ ሲወስን አራት ነገር በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት፦ ቦታውን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ ሰዓቱንና ክፍያውን። ክፍያ ካለ ደረሰኝ ይኖራል። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ የት እንደገባ አይታወቅም።

ሸንጎ ለጌዴኦ አዲስ አይደለም

የጌዴኦ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሶንጎ አለው። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና ጠብ የሚያበርዱበት ሸንጎ ነው። አገሬው በዚያ ተሰብስቦ ይደማመጣል።

በከተማ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በዚህ አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ገንዘቡ ለአካባቢው አገልግሎት እንዲውል ታሰበ። በዚያ ዘመን ቀበሌ ሕዝብ ማገልገያ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ መቆጣጠሪያም ነበር። ይህም መታወቅ አለበት።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ስለዚህ ስለ ቦይና ስለ መንገድ መጠየቅ ልመና አይደለም። መብት ነው።

ሁለት ማስታወቂያ እናንብብ

እነዚህ ለመለማመጃ የተጻፉ ናቸው። ቀስ ብላችሁ አንብቡና አወዳድሩ።

የመጀመሪያው፦ "የመንደራችን ቦዮች በቅርቡ ይጠረጋሉ።"

ሁለተኛው፦ "ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ቦይ እስከ የካቲት 20 ይጠረጋል። ሥራውን የሚመራው የልማት ኮሚቴው ነው። አካፋና ዶማ ማዘጋጃ ቤቱ ያቀርባል። ከየቤቱ አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል።"

የመጀመሪያው ደስ ይላል፤ ግን ማንንም አያስጠይቅም። "በቅርቡ" መቼ ነው? ነገም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቦታውን፣ ቀኑን፣ ኃላፊውንና መሣሪያውን ይናገራል። ቀኑም የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው። የካቲት 21 ቀን ሄዶ ቦዩን ማየት ይቻላል። ተጠርጎ ከሆነ እሰየው። ካልተጠረገ ወረቀቱን ይዞ ኮሚቴውን መጠየቅ ነው።

ድሮ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማንበብ የማይችል ሰው "ምን ይላል?" ብሎ ሌላውን ይጠይቅ ነበር። የነገሩትን ይዞ ይሄዳል። የተዘለለ ነገር ካለ አያውቅም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አንዱ ዓላማ ይህን ጥገኝነት ማስቀረት ነበር። ዘመቻው ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ጌዴኡፋም አንዱ ነበር።

ዛሬ እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ስብሰባ ስትሄዱ ቃለ ጉባኤው ይነበብልን በሉ። ሳይነበብ አትፈርሙ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቁጥሩንም እዩ። አባቶች "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ያሉት ለዚህ ነው።

በራሳችን በኩልም ፌስታል ቦይ ውስጥ አንጣል። ምክር ቤቱ የቱንም ያህል ቢወስን፣ ጠዋት የተጠረገ ቦይ ማታ ቆሻሻ ከተጣለበት ያው ነው።

የቃላት ፍቺ

ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት።
ገረጋንቲ፦ ለመንገድ ማልበሻ የሚሆን ጠጠር የበዛበት አፈር።
እርከን፦ ደረጃ።
ታሪፍ፦ ለአገልግሎት የተወሰነ ዋጋ።

ጥያቄዎች

1. በዲላ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ኃላፊ ማነው? የመንደሩ መንገድስ?
2. ቦይ ሲደፈን መንገድ ለምን ይበላሻል?
3. ከሁለቱ ማስታወቂያዎች የቱ ይሻላል? ለምን?
4. በሰፈራችሁ የተለጠፈ አንድ ማስታወቂያ አንብቡ። ቦታ፣ ቀንና ኃላፊ ተጽፎበታል? ያልተጻፈውን በደብተራችሁ ጻፉና በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ።