የደመወዝ ቍጠባ በሐዋሳ የስፌት ፋብሪካዎች

አንድ ድርጅት ወጪውን ለመቀነስ በተነሣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነካው የሠራተኛውን ደመወዝ ነው። በልብስ ስፌት ሥራ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጨርቁን ዋጋ ገበያው፣ የልብሱን ዋጋ ደግሞ በውጭ አገር ያለው ገዢ ይወስናል። ለባለፋብሪካው የሚቀረው የሰው ጉልበት ነው።

ለዚህ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምሳሌ ይሆናል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ መነሻው ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበረ። ከገጠር የመጡት ልጃገረዶች በዚህ ገንዘብ ኪራይና ቀለብ መቻል ስላቃታቸው፣ አንዲቱን ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራዩ ነበር። ለወላጅ ገንዘብ የመላኩ ተስፋማ ከመንገድ ይቀራል።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ያው ጥናት እንደሚያስረዳው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። ጀማሪ እጅ መኪናውን እስኪለምድ ድረስ ጨርቅ ያበላሻል፤ ሥራው በተራ የሚተላለፍ ስለ ሆነም አንዲቱ ስትዘገይ ከእርስዋ ቀጥለው ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። ምርት ሲጐድል አለቃው ይቈጣል፤ ቍጣው የበዛባትም ትሄዳለች። እንግዲህ በደመወዝ በኩል የዳነው ገንዘብ በሥልጠና በኩል ይፈሳል ማለት ነው።

ይህን «የሥራ ባሕል ማነስ» ማለት ተለምዷል። በእኔ አስተያየት ግን ልጃገረዶቹ ሒሳብ ዐዋቂዎች ናቸው፤ የማያኖር ሥራ ጥለው ሄዱ እንጂ ሥራ አልጠሉም።

በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል።