ተጨማሪ መረጃ፦ የዕለቱ መነሻ ቃል

በየቀኑ ከአንዲት መነሻ ቃል ተነሥቶ ልቦለድ ወይም የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ፈጠራን ያስራል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሁሉም ስለ «ዝናብ» ቢጽፍ ጽሑፉ ሊመሳሰል ይችላል። የቅኔ ቤት ልምድ ግን ሌላ ያሳያል። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለሁለት ቤት (ስንኝ) ቅኔ ተነሥቶ መወድስ እስከሚባለው ባለስምንት ቤት ቅኔ ይዘልቃል፤ የእያንዳንዱ ልክ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያም ሆኖ የሌላውን ቅኔ መድገም ነውር ስለሆነ አዲስ ቅኔ መቁጠር (መድረስ) ግዴታው ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪም በወጣትነቱ የነገሮችን ስሞች ብቻ በዝርዝር ይጽፍ ነበር፤ «ሐይቁ» የተሰኘው አጭር ልቦለዱ በ1942 እ.ኤ.አ. የተወለደው ከዚያው ዝርዝር ነው። ቃሏ የምትወስነው መግቢያውን ብቻ ነውና፣ «ዝናብ» ለአንዱ ጸሐፊ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ለሌላው በክረምት የተሸኘ ወንድም ትሆናለች።